የሰው አገር ድራማ እንዴት ይታያል? ለአራዳ ተመልካች የቀረበ መመሪያ

አራዳ ቋንቋውን ለማያውቀው ፊልም እንግዳ አይደለም። ለከተማው የመጀመሪያ ሲኒማ «ሰይጣን ቤት» የሚል ስም ያወጣው ሕዝብ፣ ውሎ አድሮ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር በር ላይ ትኬት ይጋፋ ጀመር። ሂንዲ የማይሰማ ሰው የሕንድ ፊልም ዘፈን በቃሉ ይወጣ ነበር፤ እናትየዋ ስታለቅስ አብሮ ያለቅሳል፣ ወንበዴው ሲመታ ያፏጫል። ቪዲዮ ቤት ሲመጣ ደግሞ በትርጉም ፊልም ላይ የተራኪው ድምፅ ከተዋናዩ ድምፅ በላይ እየጮኸ ታሪኩን በአማርኛ ያወርደው ነበር። ስለዚህ «እንግሊዝኛ ካልሆነ ፊልም አይገባኝም» የሚል የፒያሳ ልጅ ሲገጥመኝ አላምነውም። አባቱ ሲገባው ኖሯል።

ችግሩ ሌላ ነው። ፊልም ዛሬ በፍላሽ ይጫናል፣ በቴሌግራም ይላካል፤ የጠፋው ከየትኛው እንደሚጀመር የሚነግር ሰው ነው። «የዓለም ምርጥ መቶ ፊልሞች» የሚሉት ዝርዝሮች የተጻፉት በእንግሊዝኛ አፉን ለፈታ ተመልካች ነው። እኛ ፋርስኛ እየሰማን፣ ከሥር እንግሊዝኛ እያነበብን፣ በአማርኛ ነው የምናስበው። ሁለት ሰዓት እንዲህ መቀመጥ ያደክማል። ይባስ ብሎ ጽሑፉን ስናሳድድ የሰውየው ፊት ያመልጠናል፤ ድራማው ያለው ደግሞ እሱ ላይ ነው።

እኔ የምመክረው ፊልሞቹን በሽልማታቸው ሳይሆን በወሬያቸው መጠን መደርደር ነው፤ ወሬ ካነሰበት ወደ በዛበት። ከዚያ ላይ ኑሮውን የሚያውቁትን ታሪክ ያስቀድሙ። መታወቂያ ለማውጣት የተንገላታ ሰው ስለ መታወቂያ የተሠራ ፊልም በሴኔጋል ቋንቋም ቢሆን ይገባዋል። የፊልሞቹን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ፦ «ቅፍርናሆም»

ሕጉን ባወጣሁ ማግስት ልጣሰው፤ ይህ ፊልም ወሬ አያንሰውም። ግን አማርኛ አለበት። የሊባኖሷ ዳይሬክተር ናዲን ላባኪ በ2018 ያወጣችው ነው፤ ሱቅ ላይ ሲጠይቁ «ካፐርናኦም» ይበሉ። ዓረብኛውን በጽሑፍ እየተከተሉ ቆይተው ራሂል የምትባለዋ ኢትዮጵያዊት በአማርኛ ስትናገር ጽሑፉን ይረሱታል። የሰው አገር ፊልም ለመልመድ ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም።

ታሪኩ የዘይን ነው፤ ዕድሜው አሥራ ሁለት ገደማ የሆነ፣ ልደቱ የትም ያልተመዘገበ የቤይሩት ልጅ። ፍርድ ቤት ቆሞ ወላጆቹን ይከሳል፤ ክሱም ለምን ወለዳችሁኝ የሚል ነው። ከቤት ጠፍቶ ሲንከራተት ነው ራሂልን የሚያገኛት። እሷ ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ፣ የመኖሪያ ወረቀት አጥታ፣ ሕፃን ልጇን ዮናስን ደብቃ የምታሳድግ ሴት ናት። ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው ታሪክ በዘይንና በሕፃኑ መካከል ስለሆነ ንግግሩ ይቀንሳል። ልጁ ድስቱን በስኬትቦርድ ላይ ደርድሮ ሕፃኑን ከመሃል አስቀምጦ በመኪና መሃል ሲጎትተው ምን ጽሑፍ ያስፈልጋል?

ራሂልን የተጫወተችው ዮርዳኖስ ሽፈራው ተዋናይት አልነበረችም። ላባኪ እንደተናገረችው፣ ራሂል ወረቀት የለሽም ተብላ የምትያዝበት ትዕይንት በተቀረጸ በቀናት ውስጥ ዮርዳኖስ ራሷ በዚያው ምክንያት ታስራለች። ዘይንን የተጫወተው ልጅ የሶሪያ ስደተኛ ነበር፣ ስሙም ዘይን ነው። ዮናስ የምንለው ሕፃን ደግሞ በእውኑ ዓለም ሴት ልጅ ናት። ፊልሙ ካን ላይ የዳኞችን ሽልማት ወስዶ ለኦስካር ታጭቷል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ቤትዎ ውስጥ ቤይሩት ወይም ጅዳ ሠርታ የተመለሰች ሰው ካለች፣ ስለምን እንደሆነ ሳይነግሯት አጠገብዎ አያስቀምጧት። ይንገሯትና ራሷ ትወስን። ካየችው ከፊልሙ በኋላ የምታወራው ከማንም ሃያሲ ይበልጣል።

ፋይሉን ማዘጋጀት

ፊልሙ በራሱ ድምፅ መሆኑን ያረጋግጡ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክና የሌላ አገር ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ ብዙ ቤት ገብቷል፤ ሽንኩርት እየከተፉ ለሚከታተሉት ድራማ ይህን የሚያህል የለም። እዚህ ለምዘረዝራቸው ግን አይሆንም። የድምፁ መንቀጥቀጥ ራሱ ትወናው ነውና በእንግሊዝኛ ድምፅ የተለወጠ ቅጂ ከሰጡዎት መልሱት።

ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ለብቻው «ኤስአርቲ» በሚባል ትንሽ ፋይል ይመጣል። ፊልሙና ይህ ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ ይሁኑ፣ ስማቸውም ከፊደል እስከ ነጥብ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አለበለዚያ ቴሌቪዥኑ አያየውም። ላፕቶፕ ላይ በቪኤልሲ ሲያዩ ጽሑፉ ከንግግሩ ከቀደመ የኤች ቁልፍን፣ ከዘገየ የጂ ቁልፍን ደጋግመው ይጫኑ፤ በእያንዳንዱ ንክኪ ሃምሳ ሚሊ ሰከንድ ይስተካከላል። መጀመሪያ ተስተካክሎ መሃል ላይ እንደገና የሚሸሽ ከሆነ ግን ጽሑፉ ለሌላ ቅጂ የተሠራ ነው፤ አይታገሉት፣ ሌላ ይፈልጉ። ፍላሽዎ አሮጌ ከሆነና ከአራት ጊጋ በላይ የሆነ ፊልም አልቀበልም ካለ የተበላሸ መስሎዎ አይጣሉት፤ አንዱን ፋይል ከዚያ በላይ የማይሸከም አሠራር ስላለው ነው። አነስ ያለ ቅጂ ይጠይቁ።

ይህን ሁሉ ሳይደክሙ፣ የሰው ላብም ሳይሰረቅ የሚታይበት መንገድ አለ። ፒያሳ ላይ የኢትዮ ፈረንሳይ አሊያንስ፣ ስድስት ኪሎ ጎተ ኢንስቲትዩት፣ እንዲሁም የጣሊያን የባህል ተቋም ፊልም የሚያሳዩበት ጊዜ አለ። ፕሮግራማቸውን ሲጠይቁ ከሰዓቱ በፊት የጽሑፉን ቋንቋ ይጠይቁ። ፈረንሳይኛ ፊልም በፈረንሳይኛ ጽሑፍ ከሆነ እንደ ጥንቱ የሕንድ ፊልም ዘመን ሊሆንብዎ ነው።

ወሬ ያነሰባቸው

ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 የሠራው «የብስክሌት ሌቦች» ከሰማንያ ዘጠኝ ደቂቃ አይበልጥም፣ ታሪኩም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሥራ ፈቶ የቆየው አንቶኒዮ በብስክሌት እየዞረ ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ በመጀመሪያው ቀን ብስክሌቱን ይሰርቁታል፤ ትንሹን ልጁን ብሩኖን ይዞ ሮምን ሲያስስ ይውላል። የቀረውን እግራቸውና ዓይናቸው ይነግርዎታል። አንቶኒዮን የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር።

አንዷን ትዕይንት ልብ ብለው ይዩልኝ፣ መጀመሪያው አካባቢ ናት። ብስክሌቱ መያዣ ተይዟል። ሚስትየው ማሪያ የአልጋ አንሶላዎቹን ሰብስባ መያዣ ቤት ትወስዳለች። ሰውየው ጥቅሉን ተቀብሎ መደርደሪያውን እየረገጠ ይወጣል፤ ካሜራው ሲከተለው እስከ ጣራው ድረስ የተቆለለው ሁሉ የሌላ ሰው አንሶላ ነው። አንድም ሰው ስለ ድህነት አልተናገረም።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ነገር አለበት። አዲስ አበባ የገባው የጣሊያን ጦር የመጣው ከዚያው አገር ነው፤ ፊልሙም የተሠራው ጣሊያን ከአዲስ አበባ ከወጣ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ለፒያሳ ስሟን የተወላት፣ በረንዳና ደረጃ የገነባባት ገዢ፣ በገዛ ከተማው ለአንሶላ መያዣ ሲሰለፍ ማየት ከታሪክ መጽሐፍ የማይገኝ ነገር ነው። እኔ ለጣሊያን ተራ ሰው ያዘንኩት በዚህ ፊልም ነው።

ልጆች አብረው ካሉ በዚህ ቦታ የኢራኑን ማጂድ ማጂዲ «የሰማይ ልጆች» ያስገቡ፤ 1997 የወጣ ነው፣ «ቺልድረን ኦፍ ሄቨን» ብለው ይፈልጉት። ዓሊ የእህቱን ጫማ ከሰፊ ተቀብሎ ሲመለስ አትክልት ቤቱ በር ላይ ይጠፋበታል። ለአባታቸው መንገር አይችሉም፤ ገንዘብ የለም። እህትየው የጠዋት ፈረቃ፣ እሱ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆኑ አንዱን ሸራ ጫማ በየመንገዱ እየሮጡ ይቀያየሩታል። ጫማው አንድ ቀን ከእግሯ ወልቆ በመንገድ ዳር ቦይ ውኃ ሲወሰድ ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ ይነሣል። የፈረቃ ተማሪ ለሆነ ልጅ ማብራሪያ አያሻውም።

የሞሪታኒያው አብድራህማን ሲሳኮ «ቲምቡክቱ» (2014) ለልጅ አይሆንም፣ ግፉ ይከብዳል። ስለ ኳሱ ግን ልንገርዎ፤ ከተማዋን የያዙት ታጣቂዎች እግር ኳስ ይከለክላሉ፣ ልጆቹም ኳስ በሌለበት ሙሉ ግጥሚያ ይጫወታሉ፤ ያቀብላሉ፣ ያድናሉ፣ ጎል ያስቆጥራሉ። ታጣቂዎቹ ሲመጡ ሰውነት እንደሚያፍታታ ሰው ይሆናሉ።

ቢሮ የተመላለሰ ሰው የሚያያቸው

ከዚህ በኋላ ወሬው ይጨምራል፣ ግን ጉዳዩን ስለሚያውቁት አይከብድዎም። ሁለት ፊልም በተከታታይ ሳምንት እንዲያዩ እፈልጋለሁ፤ አንዱ ከዳካር፣ ሌላው ከቶኪዮ።

የዳካሩ የኡስማን ሴምቤን «ማንዳቢ» ነው፣ 1968፣ በወሎፍ ቋንቋ። ኢብራሂም ዲየንግ ሁለት ሚስትና ሰባት ልጅ ያለው፣ ሥራ የሌለው፣ ልብሱን አሳምሮ የሚወጣ ኩሩ ሰው ነው። ፓሪስ መንገድ የሚጠርገው የእህቱ ልጅ ሃያ አምስት ሺህ ፍራንክ በፖስታ ቤት ይልክለታል። አብዛኛው ገንዘብ በአደራ የሚቀመጥ ነው፣ ለእሱ የተፈቀደችው ጥቂቷ ናት። ፖስታ ቤቱ መታወቂያ አምጣ ይላል። መታወቂያው የልደት ወረቀት ይፈልጋል፣ ደግሞም ፎቶ፣ ደግሞም ቴምብር። የተወለደበትን ቀን የሚያውቅ የለም። ወረቀቱ ሳይገኝ ወሬው ሰፈሩን ስለሞላው ጎረቤት ሁሉ ብድር ይዞ ይመጣል፤ ባለሱቁ በሚመጣው ገንዘብ ላይ ሩዝ ያበድራል። በኪሱ ሳንቲም ሳይገባ ዕዳ ውስጥ ይገባል።

ውጭ ዘመድ ያለው አዲስ አበቤ ይህን ፊልም ሲያይ መጀመሪያ ይስቃል። ሴምቤን ብልህ ነው፣ ያስቀናል። ኢብራሂም ጠግቦ በልቶ ሲያገሳ፣ ሚስቶቹ እግሩን ሲያሹ በቀስታ ያሳየናል፤ ያን ሰው የምንወደው ስለሚያሳዝን ብቻ አይደለም፣ ራሱም ጥፋት አለበት። መጨረሻውን አልነግርዎም። ወረቀት አዋቂ የሆነ ዘመድ «እኔ ልጨርስልህ» ሲለው ግን ልብዎ ይጠርጥር።

የቶኪዮው የአኪራ ኩሮሳዋ «ኢኪሩ» (1952) ነው። በጨጓራ የራጅ ፎቶ ይጀምራል፤ ባለጨጓራው የመንግሥት ቢሮ ኃላፊው ዋታናቤ ነው፣ ካንሰር አለበት፣ እሱ ገና አያውቅም። እናቶች ሰፈራችን ያለው የቆሸሸ ውኃ ይደፈንልን፣ የልጆች መጫወቻ ይሁን ብለው ይመጣሉ። ወደ ሌላ ክፍል ይመሯቸዋል፤ ያ ክፍል ወደ ሌላ፣ ያም ወደ ሌላ፣ ኩሮሳዋ ከመስኮት መስኮት እያዞረ መልሶ የተነሡበት ጠረጴዛ ላይ ይጥላቸዋል። «ነገ ተመለሱ» የተባለ ሁሉ ይስቅና ያመዋል።

ይህ ፊልም መሃሉ ላይ ይሰበራል፣ ብዙ ሰውም እዚያ ላይ ይተወዋል። የቀረው ታሪክ ድንገት ወደ ለቅሶ ቤት ይገባል፤ የቢሮ ባልደረቦቹ ተደርድረው እየጠጡ ስለ ሟቹ ይከራከራሉ። እንዳይተዉት። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚዋሽና እንዴት በስካር እውነት እንደሚያመልጠው ከኛ በላይ ለማን ይገባል? ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ስለሚፈጅ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሳያልፍ ይጀምሩት።

ቀስ ያለውን ፊልም መልመድ

የያሱጂሮ ኦዙ «የቶኪዮ ታሪክ» (1953) ላይ «ምንም አልተፈጠረም እኮ» የሚል ሰው ከመካከልዎ አይጠፋም። ሽማግሌና አሮጊት ከክፍለ አገር ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ቶኪዮ ይመጣሉ። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም፣ ጊዜ የላቸውም። ወላጆቹን ገንዘብ አዋጥተው ወደ ፍል ውኃ መዝናኛ ይልኳቸዋል፤ እዚያም ወጣቱ ሌሊቱን ሲጨፍር ያድራል፣ እነሱ እንቅልፍ ያጣሉ። ከልብ የምታስተናግዳቸው በጦርነት የሞተው ልጃቸው ሚስት ኖሪኮ ናት።

አጀማመሩ ላይ አንድ ነገር ከያዙ ፊልሙ ይከፈትልዎታል። የኦዙ ካሜራ አይሯሯጥም፣ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ቡና ላይ በርጩማ ይዞ የሚያደምጥ ጎረቤት በሚያይበት ቁመት። ስለዚህ እንደ ጎረቤት ይመልከቱት፦ ማን ለማን ሻይ ቀዳ፣ ማን ቀድሞ ተነሣ፣ ማን ሰዓቱን አየ። ከቀብር መልስ ምግብ ላይ አንደኛዋ ልጅ የእናቷን ልብስ «እሱን እኔ ልውሰደው» የምትልበት ቦታ አለ። ድምፅዋ እንኳን አይለወጥም። ከዚያ ወዲያ ምንም አልተፈጠረም የሚል ሰው ካለ ሌላ ጊዜ አይጥሩት።

ለፈረሰ ሰፈር

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ብዙ ሰው ስልኩን አውጥቶ የቀረውን ግድግዳ ቀርጿል። ከዚያ ሰፈር ለተነሣ ሰው «ሲኒማ ፓራዲሶ»ን እመርጥለታለሁ፤ ጁሴፔ ቶርናቶሬ በ1988 የሠራው፣ የኦስካር ሽልማትም ያገኘ። በሲሲሊ ትንሽ ከተማ ቶቶ የሚባል ልጅ በሲኒማ ቤቱ ፊልም ከሚያሳየው ከአልፍሬዶ ሥር ሥር እያለ ያድጋል። የሰበካው ቄስ መጀመሪያ ብቻውን ተቀምጦ ፊልሙን ያያል፤ መሳም ሲመጣ ደወል ይደውላል፣ አልፍሬዶም ያን ቦታ ይቆርጠዋል። አንድ ምሽት ሰው ሞልቶ ብዙዎች ውጭ ሲቀሩ፣ አልፍሬዶ ብርሃኑን በመስተዋት አዙሮ ፊልሙን አደባባዩ ላይ ባለ ቤት ግድግዳ ላይ ያሳያቸዋል። መጨረሻ ላይ ያ ሲኒማ ቤት ራሱ ይፈርሳል።

ሲያስጭኑ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚሆነውን ቅጂ ይጠይቁ። ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ሌላ ቅጂ አለ፤ የዳይሬክተሩ ነው ብለው ያሞግሱታል። የተጨመረው የጎልማሳ ፍቅር ታሪክ ፊልሙን ያጎድፈዋል ባይ ነኝ፤ አጭሩን ከወደዱት በኋላ ከፈለጉ ይዩት።

ከሰው ጋር ሲያዩ

አምስት ስድስት ሰው ይበቃል። ቡናው ከፊልሙ በፊት ወይም በኋላ ይፈላ፣ መሃል አይሁን። ምክንያቱ ጢሱ አይደለም፤ ሲኒ የምትቀዳዋ ሰው ማንበብ ስለማትችል ፊልሙ ያመልጣታል፣ አመሉ ሆኖ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያመልጣት ያችው ሰው ናት። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ላፕቶፑን አስቀድመው ቻርጅ ያድርጉ።

እንግሊዝኛ የማያነቡ አዋቂዎች ካሉ አንድ ሰው ተርጓሚ ይሰየም። አንድ ብቻ፤ ሦስት ሰው ከተረጎመ ክርክር ይሆናል። ተርጓሚው የቪዲዮ ቤቱን ተራኪ አይምሰል፤ የሚታየውን አያውራ፣ የማይታየውን ብቻ በአጭሩ በጆሮ ይንገር። «እማማ፣ ብሩን ያልሰጡት መታወቂያ ስለሌለው ነው» ብሎ ዝም። እማማ የቀረውን ከእሱ በፊት ያውቁታል። ብዙ ጊዜ ያየሁት ነገር ነው፤ ሳያነቡ የሚያዩ እናቶች የሰውን ፊት ስለማይለቁ፣ ማን እንደዋሸ ከሁላችን ቀድመው ይናገራሉ።

ስልክ ይጠፋል። የሚደወልለት ሰው ካለ ፊልሙ ይቁም፣ ሰውየው ወጥቶ ይነጋገር፣ ተመልሶ ይቀጥል። ሁለት ደቂቃ የጽሑፍ ፊልም ያመለጠው ሰው ቀሪውን ሰዓት «ይሄ ደግሞ ማነው?» እያለ ሌላውን ያውካል።

ወሬ የበዛበትን ለመጨረሻ

የኢራኑ አስጋር ፋርሃዲ «መለያየት» (2011፣ «ኤ ሴፓሬሽን») ከዘረዘርኳቸው ሁሉ የምወደው ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልካች ግን አልሰጠውም። ሰዎቹ እየተጣሉ ያወራሉ፣ ሁለት ሦስት ሆነው በአንድ ጊዜ፤ ጽሑፉም እንደዚያው ይሮጣል። ናደርና ሲሚን ሊፋቱ ነው፤ የናደር አባት የመርሳት ሕመም ስላለባቸው የምትጠብቃቸው ራዚየህ የምትባል ደሃ ሴት ትቀጠራለች። አንድ ከሰዓት በኋላ በር ላይ በሆነ ነገር ሁለቱ ቤተሰብ ፍርድ ቤት ይቆማል። ማን እንደጨመረ፣ ማን እንደደበቀ በየአሥር ደቂቃው ሐሳብዎን ይለውጣሉ። በቅዱስ መጽሐፍ መማል እዚያም እዚህ እንደሚከብደው ይከብዳል። ይህን በላፕቶፕ ብቻዎን ይዩ፣ ያመለጠዎትን መልሰው እያነበቡ፤ ለሰው የሚያሳዩት ሁለተኛ ጊዜ ሲያዩት ነው።

እኛው የሰው አገር ስንሆን

በ2015 ካን ላይ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ሲታይ፣ በጉን ቹኒን ይዞ ከዘመድ ቤት የተጣለውን የኤፍሬምን አማርኛ ፈረንጁ ከሥር እያነበበ ነበር። በዚያ ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (2008) ግማሹ አማርኛ ሲሆን ጀርመን ላይ የሚሆነው ጀርመንኛና እንግሊዝኛ አለበት፤ ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ወስዷል። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» (2014) ሰንዳንስ ላይ የተመልካቹን ሽልማት አግኝቷል። ያላየ ካለ እነዚህን ከውጭዎቹ ጋር እያፈራረቀ ይያቸው፤ ዓይን ያርፋል።

በሌላ ሰው እጅ ከተሠሩት ውስጥ የምመርጠው የራዱ ሚኻይሊያኑን የ2005 ፊልም ነው፤ «ሊቭ ኤንድ ቢካም» በሚል ስም ያገኙታል። ሱዳን የስደተኞች ሠፈር፣ 1984፣ ቤተ እስራኤልን ወደ እስራኤል የወሰደው ዘመቻ ሙሴ። ክርስቲያኗ እናት ልጇን ከሞት ለማዳን ቤተ እስራኤል ነኝ ብሎ እንዲሄድ ትገፋዋለች። ፈረንሳይኛ፣ ዕብራይስጥና አማርኛ ይቀላቀልበታል። ልጁ እስራኤል ደርሶ ገላውን ሲያጥቡት ውኃው በቧንቧ ሲወርድ አይቶ ይደነግጣል፣ እንዳይፈስ በእጁ ሊደፍነው ይታገላል። ፊልሙ እየቆየ ሲሄድ ይረዝማል፣ ሙዚቃውም አልቅሱ አልቅሱ ይላል፤ ለዚያች የገላ መታጠቢያ ትዕይንት ስል ይቅር ብዬዋለሁ።

ከዚህ በኋላ የእኔን ዝርዝር ትተው የዳይሬክተሩን ስም ይከተሉ። «ማንዳቢ»ን ከወደዱ የሴምቤንን «ሙላዴ» (2004) ይፈልጉ፤ ግርዛት ሽሽት የመጡ ልጃገረዶችን በቤቷ ስላስጠለለች ሴት ነው፣ የመንደሩ ወንዶችም የሴቶቹን ራዲዮ ሁሉ ሰብስበው መስጊዱ ፊት ያቃጥሉታል። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ የሚፈጀውን የ1966ቱን «ላ ኑዋር ደ…» ይዩ፤ ፈረንሳይ አገር ቤት ሠራተኛ ሆና ስለሄደች የዳካር ልጅ ነው፣ ከ«ቅፍርናሆም» ቀጥሎ ቢታይም ያምራል። «መለያየት»ን የወደደ የፋርሃዲን «ዘ ሴልስማን» (2016) ያስጭን፤ የሰማይ ልጆችን የወደደ ልጅ ካለ ደግሞ የአባስ ኪያሮስታሚን «የጓደኛዬ ቤት የት ነው?» (1987) ይስጡት፤ ሰማንያ ደቂቃ ገደማ ነው፣ ነገሩም በስህተት የተወሰደ የጓደኛ ደብተር መመለስ ነው።